ከቀብር በፊት ያሉት ዓመታት፦ ስለ አረጋውያን አገራዊ ዕቅድ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፤ የዕድር ዳኞች፣ የጤናና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች፣ በጡረታ ላይ ያላችሁ ወላጆቻችን፤

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ እናቱ ወይም አባቱ ላረፉበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። እናቱ በሕይወት እያሉ አልጋ ላይ ቢውሉ፣ ጠዋት የሚያጥባቸውና ቀን የሚያጎርሳቸው ሰው ቢያጡ ግን፣ ሠራተኛው ከዓመት ፈቃዱ መቀነስ፣ አለዚያም ለልዩና ከባድ ሁኔታ ያለ ክፍያ የሚፈቀዱትን እስከ 5 የሚደርሱ ተከታታይ ቀናት መጠየቅ ይኖርበታል። አብዛኞቹ ዕድሮቻችንም የቆሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ገንዘቡ የሚወጣው ሰው ካረፈ በኋላ ነው። ይህን የምለው ቀብርን ለማቃለል አይደለም፤ ሟችን በክብር የሚሸኝ ማኅበረሰብ መሆናችን ትልቅ ሀብታችን ነው። ሆኖም ሕጋችንም፣ ልማዳችንም፣ በጀታችንም ለቀብር ቀን የተደራጁትን ያህል ከ60 ዓመት በኋላ ላለው ረጅም ዕድሜ አልተደራጁም፤ ያ ዕድሜ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየረዘመ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ነው።

ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ የወጣት አገር ናት፣ ከሕዝቧ ግማሹ ገና 20 ዓመት ያልሞላው ነው፣ ቅድሚያ ለትምህርትና ለሥራ ዕድል ይሰጥ ይባላል። ስለ ወጣቶቹ የተባለው እውነት ነው፤ የሚደረስበት ድምዳሜ ግን አያስኬድም። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነው ዜጎች ከጠቅላላው ሕዝብ 5 በመቶ ገደማ ናቸው፤ ከ120 ሚሊዮን በላይ በሆነ ሕዝብ ውስጥ 5 በመቶ ማለት ከ6 ሚሊዮን የማያንስ ሰው ነው፤ ይህም የዴንማርክን ጠቅላላ ሕዝብ ያህላል። በመቶኛ ሲነገር ትንሽ የሚመስለው ቁጥር፣ የሚበላውን፣ የሚታከመውንና የሚደገፈውን ሰው ስንቆጥር የአንድ አገር ሕዝብ ይሆናል።

በዚህ ላይ ዕድሜ ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ኢትዮጵያዊ ሲወለድ በአማካይ ይኖራል ተብሎ የሚገመተው ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። ይህ አማካይ ግን ያሳስታል፤ በሕፃንነታቸው የሚቀጩት ልጆች ወደ ታች ስለሚጎትቱት፣ አንድ ሰው 60 ዓመት ከሞላው በኋላ ብዙም የማይቆይ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን 60 የደረሰ ሰው በአማካይ ከ15 ዓመት በላይ የሚኖር መሆኑ ነው። ስለዚህ ስለ እርጅና ማቀድ ስለ አንድ ሁለት የሕመም ዓመታት ማቀድ አይደለም፤ ሕፃን ተወልዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስኪገባ የሚወስደውን ያህል ጊዜ የሚሸፍን ሥራ ነው።

ወደፊት ስንት አረጋውያን ይኖሩናል ለሚለው ጥያቄም ጠንቋይ አያስፈልግም። ከ25 ዓመት በኋላ 60 የሚሞላቸው ሰዎች ዛሬ 35 ዓመታቸው ነው፤ ተወልደዋል፣ አድገዋል፣ ምናልባትም ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ሊለወጥ የሚችለው እነርሱን የሚደግፈው የልጆቻቸው ቁጥር ነው፤ እርሱም እየተለወጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 4.6 ልጆች እንደምትወልድ ሲያሳይ፣ የአዲስ አበባው ቁጥር 1.8 ነበር። ይህ አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው ከ2 በላይ ከሆነው ቁጥር በታች ነው። እናቷን ከአራት እኅትና ወንድሞቿ ጋር ተጋግዛ የጦረች የአዲስ አበባ ሴት፣ እርሷ ራሷ ስታረጅ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ብቻ ይኖራታል፤ ልጇም ከአገር ውጭ ሊሆን ይችላል።

ዕቅድ በቆጠራ ይጀምራል፤ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ነው። ያኔ 45 ዓመቱ ተብሎ የተመዘገበው ጎልማሳ ዛሬ ከ60 አልፏል፤ ያኔ 70 የነበሩት አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደው ሕዝብ በአብዛኛው የልደት ሰነድ የለውም። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ስለ ዕድሜያቸው የሚጠየቁ እናት ብዙውን ጊዜ የሚመልሱት፣ «ጣሊያን ሲወጣ እናቴ አርግዛኝ ነበር» ወይም «በንጉሡ ጊዜ ባለ ትዳር ነበርኩ» በሚል ዓይነት ነው። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ በቂ መልስ ነው፤ በዕድሜ ላይ ተመሥርቶ ለሚከፈል ድጋፍ ግን አንድ የተመዘገበ ቁጥር ያስፈልጋል፣ ቁጥሩን የሚሞላውም መዝጋቢው በዓይኑ ገምቶ ነው። የፋይዳ መታወቂያ አሁን በስፋት እየተሰጠ ስለሆነ፣ የአረጋውያን ዕድሜ በሽማግሌዎች ምስክርነትና በታወቁ ዘመናት እየተመሳከረ በጥንቃቄ የሚመዘገብበትን አሠራር ከአሁኑ መዘርጋት ይገባል። ዛሬ በግምት የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ከ10 ዓመት በኋላ የአንድን ሰው መብት ይወስናልና።

ስለ ጡረታ ልናገር። የመንግሥት ሠራተኛውና ወታደሩ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የጡረታ ባለ መብት ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው ተመሳሳይ ዐቅድ እስኪዘረጋለት እስከ 2003 ዓ.ም.፣ እስከ አዋጅ ቁጥር 715 ድረስ ጠብቋል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። አበሉ የሚሰላበት መንገድ ለብዙ ሰው ግልጽ ስላልሆነ በምሳሌ ላሳይ። ለመጀመሪያዎቹ 10 የአገልግሎት ዓመታት የመጨረሻው የ3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ 30 ዓመት ያስተማረችና የመጨረሻ አማካይ ደመወዟ 10,000 ብር የሆነ መምህርት 5,500 ብር ይደርሳታል። በቅርብ ዓመታት እንዳየነው ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ቢጨምርና አበሉ ባለበት ቢቆይ፣ ያ 5,500 ብር የሚገዛው ቀድሞ በ3,250 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይሆናል። ጭማሪ አልፎ አልፎ ይደረጋል፤ ነገር ግን በመንግሥት ውሳኔ የሚመጣ እንጂ ከዋጋ ጋር ተያይዞ በሕግ የሚሄድ አይደለም። እኔ እንደማምነው የጡረታ አበል በየጊዜው ከኑሮ ውድነት ጋር የሚታይበት ቀን በአዋጅ መቆረጥ አለበት፤ ጡረተኛ አድማ ማድረግም፣ ሥራ መቀየርም፣ የትርፍ ሰዓት ገቢ መጠየቅም ስለማይችል ከማንም በላይ ሕግ ሊጠብቀው ይገባል።

እስካሁን የተናገርኩት ግን ደመወዝ ስለነበራቸው ነው፤ እነርሱ ደግሞ ከሕዝባችን ጥቂቶቹ ናቸው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ጉሊት ስትሸጥ የኖረችው፣ በሰው ቤት ስትሠራ ዕድሜዋን የጨረሰችው በየትኛውም የጡረታ መዝገብ ላይ የሉም። የገበሬው ጡረታ መሬቱ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ለልጁ ያካፍላል፣ ልጅ ከሌለው ለእኩል ይሰጣል፣ ከምርቱም ይደርሰዋል። መሬቱ ከልጅ ወደ ልጅ ሲከፋፈል ቆይቶ አንዱን ቤተሰብ እንኳ የማይቀልብ ሲሆን ግን፣ አባት ለልጁ የሚያካፍለውም ልጁ ለአባቱ የሚመልሰውም ያጥራል። ባሏ የሞተባት አሮጊት ደግሞ የምታርስበት በሬም ጉልበትም ስለሌላት፣ የእኩል አራሹ ባመጣላት ልክ ማመን ግዴታዋ ነው፤ በአውድማው ላይ ተገኝታ የምታስለካላት ሴት ልጅ ወይም ዘመድ ከሌላት የድርሻዋ መጠን የሚወሰነው በሰውየው ሕሊና ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ሳይሰማሩ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲያገኙ አድርጓል። ሆኖም ፕሮግራሙ የተቀረጸው የምግብ እጥረት ባለባቸው ወረዳዎች ላሉ ቤተሰቦች ነው፤ መለኪያው ችግር እንጂ ዕድሜ አይደለም። በጥሩ ምርት ዓመት ከመዝገብ የወጡት የ78 ዓመት ሽማግሌ በዚያ ምክንያት ወጣት አይሆኑም።

አቅማችን አይፈቅድም ለሚለው መልስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ዕድሜያቸው 70 ለሞላቸው ዜጎች፣ ሌላ ጡረታ ካላቸው በቀር፣ ከራሷ በጀት ወርኃዊ አበል መክፈል ጀመረች፤ ሌሶቶ ያኔም ዛሬም ሀብታም አገር አይደለችም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ70 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት በወር 2,000 ሽልንግ የሚከፍለውን ፕሮግራም በአገር አቀፍ ደረጃ አስፋፋች። ኡጋንዳ በተመረጡ አካባቢዎች ከ65 ዓመት ጀምሮ ሞክራ፣ ወደ መላ አገሪቱ ስታሰፋው ገንዘቡን አስልታ የዕድሜ መነሻውን 80 አደረገችው፤ ክፍያውም በወር 25,000 የኡጋንዳ ሽልንግ ነው። ሰማንያ ከፍ ያለ ዕድሜ ነው፤ ብዙዎች ሳይደርሱበት ያልፋሉ። ቢሆንም ከምንም መጀመር እንደሚሻል የሚያሳይ ውሳኔ ነው፤ መነሻው ከፍ ሲል የሚከፈለው ሰው ጥቂት ይሆናል፣ የመዝገቡና የክፍያው አሠራር ይለመዳል፣ ከዚያም በጀት በፈቀደ መጠን ዕድሜው ዝቅ ይደረጋል። ለእኛም የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲመድብ ያዛል፤ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የአረጋውያን ብሔራዊ የድርጊት መርሐ ግብር ነበረን፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ወጥቷል። የጎደለው መነሻ ዕድሜ፣ የብር መጠንና የሚጀመርበት ዓመት ናቸው።

ወደ እንክብካቤው ልመለስ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ከባዱ እርሱ ነውና። እዚህ ላይ ጃፓንን በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ጃፓን ዛሬ ከሕዝቧ ከ29 በመቶ በላዩ 65 ዓመት ያለፈው ነው፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ግን 7 በመቶ ብቻ ነበር። ከ7 ወደ 14 በመቶ ለመድረስ ፈረንሳይን ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈጅባት ጃፓን በ24 ዓመት፣ በ1994 ደረሰች። ዘግይተው ማርጀት የሚጀምሩ አገሮች ፈጥነው የሚያረጁ መሆናቸው በብዙ የእስያ አገሮችም ታይቷል፤ ስለዚህ እኛም ጊዜ አለን ስንል የአውሮፓን ያህል ጊዜ ይኖረናል ብለን ማሰብ የለብንም።

ጃፓን በ1973 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 70 ለሞላቸው ሕክምናን በነጻ አደረገች። በጎ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን በቤት የሚረዳቸው ሰው ስላልታሰበበት፣ ሐኪም የማያስፈልጋቸው፣ የሚያጥባቸውና የሚያበላቸው ሰው ብቻ የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌዎች በሆስፒታል አልጋ ላይ ወራትና ዓመታት ተኙ። ሆስፒታሉ ውድ መጦሪያ ሆነ። ነጻው ሕክምና ከ10 ዓመት በኋላ ቀረ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በኤፕሪል 2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ተጀመረ። ከ40 ዓመት ጀምሮ ሁሉም ያዋጣል፤ ወጪው ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል፤ መድኑን የሚያስተዳድረው የከተማው ወይም የመንደሩ አስተዳደር ነው። አንድ አረጋዊ ሲያመለክት ባለሙያ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይመዝነዋል፦ ብቻውን ይነሣል ወይ፣ ይታጠባል ወይ፣ ምግብ ይውጣል ወይ፣ ያለፈውን ያስታውሳል ወይ። በውጤቱም በ7 ደረጃዎች ይመደባል፤ በደረጃው ልክ ቤት ለቤት የሚመጣ ረዳት፣ የቀን መዋያ ወይም መኖሪያ ይፈቀድለታል።

በዚህ አሠራር ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ምዘናው የማይጠይቀው ጥያቄ ነው። አረጋዊው ምን መሥራት ይችላል ይላል እንጂ፣ ምራት አለችው ወይ፣ ሴት ልጅ አለችው ወይ ብሎ የሚገባውን አይቀንስም። ጀርመን በ1995 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ መድን ስትጀምር ቤተሰቡ ራሱ ከተንከባከበ በአገልግሎት ፋንታ ገንዘብ እንዲከፈል ፈቅዳ ነበር። ጃፓን ግን ከክርክር በኋላ ገንዘብ ላለመክፈል ወሰነች፤ የሴቶች ማኅበራት ገንዘቡ ከተከፈለ ምራቲቱ እንደ ቀድሞው ቤት ትቀራለች፣ አሁን ደግሞ ተከፍሏታል ይባልባታል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ለሠራተኛው ደግሞ ቤተሰቡን ለማስታመም በአንድ ታማሚ እስከ 93 ቀን የሚደርስ፣ በ3 ጊዜ ሊከፋፈል የሚችል ፈቃድ በሕግ አለው፤ በዚያም ጊዜ ከሥራ መድን የደመወዙ 67 በመቶ ይከፈለዋል። ጃፓን ዛሬም ተንከባካቢ ሠራተኛ አጥሯት ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊሊፒንስና ከቬትናም ታስመጣለች፤ ችግሯ አላለቀም። ይሁንና ጥያቄውን ከቤተሰብ ጓዳ አውጥታ የመንግሥት ጥያቄ አድርጋዋለች።

በእኛ ቤት ያ ሥራ የማን እንደሆነ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። አያቷን ለማስታመም ከትምህርት ቤት የቀረችው ልጅ ናት፣ ባል ሳታገባ ከእናቷ ጋር የቀረችው ትልቋ ናት፣ ከሥራ ወጥታ ሁለተኛ ሥራዋን የምትጀምረው ምራት ናት። በጅዳ፣ በቤይሩትና በዱባይ የሰው አሮጊት እያጠቡና እያጎረሱ ያሉ ልጆቻችን፣ የራሳቸውን እናት የሚደግፉት በሚልኩት ገንዘብ ነው፤ በዋሽንግተን አካባቢም ብዙ ወገኖቻችን ኑሯቸውን የመሠረቱት በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ነው። ብሩ ይደርሳል፤ መድኃኒት ያስገዛል፣ ሠራተኛ ያስቀጥራል። የሚቀጠረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ሽባ የሆነን ሰው እንዴት እንደሚያገላብጡ ወይም የጀርባ ቁስል እንዴት እንደሚከላከሉ ማንም ያላሳያት ወጣት ናት። ይህን ሙያ በቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን በአግባቡ ማሠልጠንና ደመወዙን ማክበር፣ ለወጣቶች ሥራ መፍጠር የሚለውንና ለአረጋውያን ማሰብ የሚለውን አጀንዳ አንድ ያደርጋቸዋል።

መኖሪያ ቤትንም ሳላነሣ አላልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ዕጣ የወጣላቸው እናት ዕጣቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ቢያርፍና ሕንፃው እንደ አብዛኛው ኮንዶሚኒየም አሳንሰር ባይኖረው፣ ጉልበታቸው በታመመ ቀን ቤታቸው እስር ቤት ይሆናል። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካኑን የሚያወጣላቸው ሰው ይለምናሉ፤ ለቅዳሴ ወይም ለጁምዓ ሶላት መውረድ የአንድ ቀን ጉዞ ይሆናል፤ ጎረቤት የዕድር ስብሰባው ላይ ሲያጣቸው አኩርፈው ይመስለዋል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የምድር ቤት ክፍሎችን አስቀድሞ መለየት፣ ዕጣ የወጣላቸውንም ያለ ውጣ ውረድ ማቀያየር፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ የአሠራር ጉዳይ ነው።

ስለ ጤና ባጭሩ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ከ20 ዓመት በላይ ቤት ለቤት ሄደው እናቶችንና ሕፃናትን ታድገዋል፤ ያ ቤት ለቤት የመሄድ ልምድ ለአረጋውያን የተሠራ ይመስላል። በዚያው በር ገብታ የአያትየውን ደም ግፊት የምትለካ፣ የዓይን ሞራውን አይታ ወደ ጤና ጣቢያ የምትልክ ባለሙያ፣ ታክሞ ሊድን በሚችል ሕመም የታወረውን ወይም በስትሮክ አልጋ ላይ የሚወድቀውን ሰው ቁጥር ትቀንሳለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅኑም መዋጮ መክፈል የማይችሉ ብቸኛ አረጋውያንን ሳያወላውል እንዲያካትት ወረዳዎች በጀት መያዝ አለባቸው።

እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ዛሬ በየተቋሙ ተበታትነው ይገኛሉ። አረጋውያን በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ጡረታ በሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች፣ ሕክምና በጤና ሚኒስቴር፣ ቤት በከተማ አስተዳደሮች እጅ ነው። የአንድን አረጋዊ ኑሮ በሙሉ የሚያይ መሥሪያ ቤት የለም። አዲስ ሚኒስቴር ይቋቋም አልልም፤ ነገር ግን ወረዳው ላይ አንድ መዝገብ፣ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሠራተኛ፣ ለምክር ቤቱም በየዓመቱ የሚቀርብ አንድ ሪፖርት መኖር አለበት።

እስኪወሰን ድረስ ግን ከዚህ አዳራሽ የሚጀመር ሥራ አለ። የዕድር ዳኞች ሆይ፣ የአባሎቻችሁን ስምና ቤት ከወረዳው ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ከአባላት መካከል ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ፎቅ መውረድ እንደተሳነው ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ዝርዝሩን ከባለ ጉዳዮቹ ፈቃድ ጋር ለአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና ለወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ አስረክቡ፤ ከዕድሩ ተቀማጭ ላይም ምን ያህሉ ለሕያው አባል ማስታመሚያ ሊውል እንደሚችል በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ተወያዩ። ይህን አስቀድመው የጀመሩ ዕድሮች አሉ፤ ደንባቸውን እንዴት እንዳሻሻሉ ከእነርሱ መጠየቅ ይቻላል። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።